ደላላው ቤታችሁ ሲመጣ
(በክሊኒካችን ለባለትዳሮች የተደረገ ንግግር)



ኑሮ ሲከብድ «ባለቤትህን ዓረብ አገር ላስገባልህ፣ እህትሽን ልላክልሽ» የሚል ደላላ ብቅ ይላል። ቪዛው በእጄ ነው ይላል፤ የሥራ ውል ግን አያሳይም። ለጎረቤት እንዳታወሩም ያስጠነቅቃል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

መንግሥት ይህን ለመከላከል ከያዛቸው መንገዶች አንዱ ሥልጠና ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ተጓዥ 18 ዓመት የሞላው፣ ለሥራው ሠልጥኖና ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ያገኘ እንዲሆን ያዛል። የፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ወጪ የተጓዡ ነው፤ የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ ግን የአሠሪው ነው። ስለዚህ «ለቪዛ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን ተጠራጠሩ።

ሁለተኛው ጥቆማ ነው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድን በከባድ ይቀጣል። ወንጀሉ ባሕር መሻገርን አይጠይቅም፤ ከገጠር ልጅ አታልሎ ከተማ አምጥቶ ጉልበቷን የሚበዘብዝም ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ለፖሊስ ንገሩ። ጠቋሚና ምስክር የሚጠበቁበት አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ።

ልጅ መቼ እንውለድ ብላችሁ እንደምትመካከሩ ሁሉ፣ ስለ መሄድም ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ። የሥራ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ቅጂውንም ቤት አስቀሩ።

ተጎድታ የተመለሰች እህት ካለች ወደ ክሊኒክ እንድትመጣ አበረታቷት። ያለ ወቀሳ እንመረምራታለን፤ ምስጢሯም ይጠበቃል።