ደርቆ የቆመ ዛፍ ሁሉ ማገዶ አይደለም
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ፣ ከሰፈራችን በላይ በእንጦጦ ደን ውስጥ ደርቀው የቆሙት ጥዶችና ወይራዎች ነገር እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። «ዝም ብለው ለምን ይቆማሉ? ተቆርጠው ለእድራችን አዳራሽ ማዋቀሪያና ለአግዳሚ ወንበር እንዲሰጡን ለሚመለከተው ክፍል እናመልክት» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ ወጥቶለት ነበር። ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ነገሩን እንድናጠና አደራ ተሰጥቶን ስለ ነበር፣ ዛሬ ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል። በአጭሩ፣ ማመልከቻው ባይጻፍ እንመርጣለን። ምክንያታችንን ስሙንና ከዚያ ፍረዱ።

ሰው የደረቀ ዛፍ ሲያይ የሚታየው ማገዶና የአጥር እንጨት ነው። አይፈረድበትም፤ ሁላችንም ያደግነው እንደዚያ ነው። ዳሩ ግን ዛፍ ሞተ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ጥንዚዛዎች ከቅርፊቱ ሥር ገብተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል እንጨቱን እየሰረሰረ ይበላል። ዝናብ ሲገባበት ደግሞ ሻጋታና እንጉዳይ ውስጡን ያለሰልሱታል። ከዚያ ግንደ ቆርቁር ይመጣል። እሱ ትሉን ለመልቀም ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ጎጆውን ለመፈልፈልም እንዲህ ውስጡ የላላ ግንድ ይስማማዋል፤ ጥሬ እንጨት እኮ ይከብደዋል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ግንደ ቆርቁር አብዛኛውን ጊዜ አሮጌውን ጉድጓድ ትቶ አዲስ ይፈለፍላል። የተተወው ቤት ግን ባዶ አይቀርም። መንቁራቸው ለመፈልፈል የማይሆን ወፎች፣ የሌሊት ወፍና ንብ ይገቡበታል፤ ያውም ኪራይ ሳይከፍሉ! ጉጉት ደግሞ ሰፋ ያለ፣ በዕድሜ ብዛት የተቦረቦረ ግንድ ትፈልጋለች። ጉጉትን ብዙዎቻችን በክፉ እናነሣታለን እንጂ፣ ሌሊት ሌሊት አይጥ የምትለቅምልን እሷ ናት።

በተለይ ሁለቱን ልብ በሉልን። አንደኛዋ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ያለበት፣ ጥዱ ፍሬ ሲይዝ የምትመጣው አረንጓዴዋ ትንሽ በቀቀን ናት፤ ሁለተኛው የደጋው ግንደ ቆርቁር ነው። ሁለቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዓለም ላይ በዱር አይገኙም። ሁለቱም የሚራቡት በዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ይህንን ጎጆ ከነጠቅናቸው የሚሰደዱበት ሌላ አገር የላቸውም።

«ታዲያ ተራራው በሞላ ዛፍ አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ዛፍስ ሞልቷል። ነገር ግን አብዛኛው በ1880ዎቹ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ የሚተከለው በልጅነቱ ሊቆረጥ ነው፤ አርጅቶ ከመቦርቦሩ በፊት አጠና ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ ተራራው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ለወፍ ቤት የሚሆን ቀዳዳ የሚገኘው በቀሩት ጥቂት አሮጌ ጥዶች፣ ወይራዎችና ኮሶዎች ላይ ነው። ጥድ ምስጥ ቶሎ ስለማይደፍረው ከሞተ በኋላም ለረጅም ዓመታት ቆሞ ይኖራል፤ እኛም ለአጥር የምንመኘው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዱን ቆርጠን በምትኩ ችግኝ ብንተክል፣ ችግኙ አድጎ፣ አርጅቶ፣ ተቦርቡሮ ለጉጉት ቤት እስኪሆን ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ይፈጃል።

ደረቁ ዛፍ ተባይ ያዛምታል የሚል ስጋትም ተነሥቷል። ለዓመታት ደርቆ የቆየ እንጨት የሚበሉት ነፍሳት ግን አብዛኞቹ ጤነኛውን ዛፍ አይነኩም። በፖላንድ አገር በቢያሎቪዬዣ ጥንታዊ ደን እንዲሁ በተባይ ምክንያት የደረቁና በመድረቅ ላይ ያሉ ዛፎች ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ በብዛት እንዲቆረጡ ተፈቅዶ ነበር። ነገሩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2018 ቆረጣው ሕግ የጣሰ ነው ተብሎ ተፈረደ። ከክርክሩ ዋና ነጥቦች አንዱ በእነዚያ ደረቅ ዛፎች የሚኖሩት ግንደ ቆርቁሮችና ጥንዚዛዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። ከመካከላችን ኑሯቸው በማገዶ የተያዘ እናቶች አሉ። ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው የሚመለሱ ናቸው። «ወፍ ከሰው ይበልጣል ወይ?» ብለው ቢጠይቁን መልሱ አይበልጥም ነው። እኛም የወደቀውን ቅርንጫፍ፣ ጭራሮውንና የባሕር ዛፉን ቅጠል አትልቀሙ አላልንም፤ አንልምም። የምንለው ቆሞ የደረቀው አገር በቀል ዛፍ በመጥረቢያ አይነካ ነው። እሱ ቢከፋፈል ለአንድ ቤት የስንት ቀን ማገዶ ይሆናል? ትንሽ ነው።

በመንገድ ዳር፣ በቤት አጠገብ ወይም ከመብራት ገመድ በላይ ያዘመመ ደረቅ ዛፍ ከሆነ ግን ክርክር የለንም፤ ሰው ሳይጎዳ ይውረድ። በዚህም ጊዜ ከሥሩ ከመገንደስ ይልቅ፣ የሚያሰጋው ቅርንጫፍ ተቆርጦ ጉቶው ረዘም ብሎ ቢቀር ይሻላል። ማር ለመቁረጥ በተቦረቦረ ግንድ ውስጥ እሳት የሚለኩሱትን ግን ኧረ ተዉ በሏቸው! በበጋ አንድ ፍንጣሪ ዳገቱን ሁሉ ይበላል።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ደኑ የመንግሥት ስለ ሆነ በራሳችን የምንወስነው የለም። ስለዚህ በቁረጡልን ፈንታ፣ ቆመው የደረቁት አገር በቀል ዛፎች ተቆጥረው በቀለም ምልክት እንዲደረግባቸው ለሚመለከተው ክፍል እንጻፍ። በቆጠራው የሚረዱ አሥር ያህል ወጣቶች እንፈልጋለን፤ ስማችሁን ለጸሐፊው አስመዝግቡ። ወፍ የሚገባበትን ግንድ የምታውቁ እናቶችም ንገሩን፤ ከናንተ በላይ ደኑን የሚያውቅ የለም። ለአዳራሹ ማዋቀሪያ የባሕር ዛፍ አጠና ከገበያ ይገዛ የሚለውን፣ ለዚህም በየቤቱ የሚጨመረውን መዋጮ ሒሳብ ያዡ ከእኔ ቀጥለው ያስረዷችኋል። ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።