ፓርቲ መግባትና የሰፈር ድምፅ
(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የዋሽንግተን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን መምህሮቻችን፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፤

አሁን «አባላት» ስል ማንም አልደነገጠም። መዋጮ ነው፣ እንደ ዕድር ነው። «የፓርቲ አባላት» ብል ኖሮ ግን አዳራሹ ጸጥ ይል ነበር። የዛሬው ርእሴም እሱው ነው፤ አንድ ነዋሪ ፓርቲ ቢገባ በሚኖርበት ከተማ አስተዳደር ላይ ተሰሚነት ያገኛል ወይ? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩን የሚወስነው ፓርቲው ዕጩውን በማን ድምፅ እንደሚመርጥ ነው።

አገር ቤት ያየነውን እናስታውስ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ኢሕአዴግ በሩን ከፈተና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሚሊዮኖች ገቡ። ብዙው ሰው የገባው ለሥራ፣ ለዕድገት፣ ወይም ነገር እንዳይመጣበት ብሎ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን በ«ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» በሚመራ ድርጅት ውስጥ ከላይ የተወሰነውን አባሉ ቀበሌ ወርዶ ያስፈጽማል እንጂ አይከራከርበትም። አባል ካልሆነው ጎረቤቱ ይልቅ እሱ አፉ የተለጎመበት ጊዜ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50(4) ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል፤ የቀበሌ ምርጫ ግን ከ2005 ዓ.ም. በኋላ ለዓመታት ሳይካሄድ ቀረ። ከአገር ቤት የመጣችሁ መምህራን ይህን ከእኔ በላይ ስለምታውቁት አላስረዝመውም።

እዚህ ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ግን ያንኑ ፍርሃት ይዘን ተሻግረናል። ዜግነት ወስደን ለመራጭነት ስንመዘገብ፣ «የትኛው ፓርቲ?» የሚለው ጋ ስንደርስ «ምን አገባኝ!» ብለን «የትኛውም» ላይ ምልክት እናደርጋለን። በዲሲ ያቺ ምልክት ዋጋ ታስከፍላለች። ከተማዋ ከንቲባዋን ራሷ መምረጥ ከጀመረችበት ከ1974 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከዴሞክራቶች ውጭ ለከንቲባነት የተመረጠ የለም። ስለዚህ ነገሩ የሚያልቀው በዴሞክራቶቹ ቅድመ ምርጫ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚገባው በዴሞክራትነት የተመዘገበ ብቻ ነው። ኖቬምበር ላይ ብቅ ማለት ሰርጉ አልፎ መልስ ላይ እንደመድረስ ነው።

የታክሲውን ነገር አስታውሱ። በ2007 ከንቲባ አድሪያን ፌንቲ ዞኑ ቀርቶ ሜትር እንዲገባ ሲወስኑ ከኛ ልጆች ስንቱ አድማ መታ፣ ስንቱ መሪ ጨብጦ ተማረረ! እኒሁ ከንቲባ በ2010 ተሸነፉ፤ የተሸነፉት በኖቬምበር ሳይሆን በሴፕቴምበሩ ቅድመ ምርጫ፣ በቪንሰንት ግሬይ ነው። የተማረረው ሾፌር ሁሉ ያን ቀን መምረጥ ይችል ነበር? ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖረው አይችልም። ዲሲ እየኖረ «የትኛውም» ያለውም አይችልም።

ምዝገባው እኛ የምናውቀው አባልነት አይደለም። ሕዋስ የለ፣ ግምገማ የለ፣ መዋጮ የለ። ኖቬምበር ላይ ሌላ ብትመርጡም የሚጠይቃችሁ የለም። ሜሪላንድም ቅድመ ምርጫው እንደዚሁ ዝግ ነው፤ ቨርጂኒያ ግን መራጭ በፓርቲ ስለማይመዘገብ ይህ ጣጣ የለባችሁም። በዲሲም በ2024 መራጩ ፓርቲ የሌለው ሰው በቅድመ ምርጫ እንዲሳተፍ የሚፈቅድ ሐሳብ በድምፁ ደግፎ ነበር። ምክር ቤቱ በ2025 ለዚያ ክፍል በጀት አልመደበም። «ነጻ ሆኜ ልቆይ፣ ሕጉ ይመጣልኛል» ለሚለው ወዳጄ ይህን ነው የምነግረው።

ደግሞ ተመዘገብኩ ማለት ተሰማሁ ማለት እንዳይመስላችሁ። ከብዙ ሺሕ አንድ ድምፅ ናችሁ። ሰፈር ውስጥ በእውነት መሰማት የሚፈልግ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖችን ይይ። ኮሚሽነሩ የሚወክለው ሁለት ሺሕ ያህል ነዋሪ ነው፤ ከኛ አንድ ትልቅ ሰርግ ብዙም አይበልጥም። ደመወዝ የለውም፣ በፓርቲ አይወዳደርም፣ ግን የከተማው መሥሪያ ቤቶች ኮሚሽኑ ለሚሰጠው አስተያየት ትልቅ ክብደት እንዲሰጡ በሕግ ይገደዳሉ። ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው ጎዳና ምግብ ቤት ያላችሁ፣ የመጠጥ ፈቃዳችሁ ጉዳይ የሚነሳው እዚያ ስብሰባ ላይ ነው። ተቃዋሚው ጎረቤት ሁልጊዜ ይገኛል። እናንተስ?

ዲሲ የምትኖሩ፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የከተማው ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስማችሁ በየትኛው ፓርቲ ሥር እንደተመዘገበ እዩ። ፓርቲ ለመቀየር የሚፈቀድበት ቀን ከቅድመ ምርጫው በፊት ይዘጋል። ቅጹን መሙላት የሚያስቸግረው ካለ ከእራት በኋላ በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ አለሁ።