የምሕንድስና ተማሪ ድካም ከየት ይጀምራል?



የምሕንድስና ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሲወድቅ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት ስንፍናው ነው። ይሁን እንጂ ግድግዳ ሲሰነጠቅ አስቀድሞ መሠረቱ እንደሚመረመር ሁሉ፣ የተማሪውም ውድቀት ከመነሻው ሊጠና ይገባዋል።

ለዚህ ምዕራብ ሐረርጌ በቂ አብነት ነው። በገለምሶ፣ በበዴሳ ወይም በሂርና የሚያድግ ልጅ ሒሳብንና ሳይንስን በአንደኛ ደረጃ የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ልጁ ስለ ጉልበትና ስለ ፍጥነት በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተረዳውን ከአዲሱ ቃል ጋር እስኪያገናኝ ድረስ መምህሩ ምዕራፉን ጨርሶ ያልፋል። ስለሆነም ተማሪው ቀመሩን ሳይገባው በቃሉ ይይዛል። የቤተ ሙከራ መሣሪያ በሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ የኤሌክትሪክ ዑደት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሣለ መሥመር ሆኖ ይቀራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩ ጠቅሞታል፤ የጎደለው ወደ ሁለተኛው ቋንቋ የሚያሻግረው ድልድይ ነው።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ሲወሰን፣ የምሕንድስና ክፍሎች በፍጥነት ሞሉ፤ ይህን ጉድለት የያዙ ብዙ ወጣቶችም አብረው ገቡ። በኋላ ደግሞ በሩ ጠበበ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተና ጉድለትን ይለካል እንጂ አይሞላም።

ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። የዩኒቨርሲቲው ለቤቱ መቅረብ ብቻውን ግን ልጁን ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት አያበቃውም።

እዚህ ላይ የባለሙያው ድርሻ ይመጣል። ከጭሮ ወደ ሂርና የሚወስደው መንገድ በጨርጨር ተራሮች መካከል ያልፋል፤ በሚኤሶ በኩል ደግሞ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ይጓዛል። የተቆረጠ ተዳፋት ለምን እንደሚናድ፣ የዝናብ ውኃ በቦይ ካልተመራ መንገድን እንዴት እንደሚበላ ተማሪው በዓይኑ አይቶ ሊረዳ ይችላል፤ የሚያስረዳው ሰው ካገኘ። በየአውራጎዳናውና በየሕንፃው ሥራ የተሰማራ መሐንዲስ በወር አንድ ቅዳሜ ለአካባቢው የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ቢሰጥ፣ ነገሩን በመጀመሪያ በልጆቹ ቋንቋ፣ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ ስሙ ቢያስተዋውቃቸው፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል።

ነገ ድልድያችንን የሚሠራው ዛሬ ቀመር በቃሉ የሚያጠናው ልጅ ነውና፣ ቀመሩ እንዲገባው ማድረግ የሙያው ግዴታ ነው።