ከአመድ በኋላ የምትመጣው ትንሿ



የአንድ ወንድማችን ሱቅ በእሳት ወደመ። በሳምንቱ ሄጄ፣ «ወንድሜ በርታ፣ እግዚአብሔር እጥፍ አድርጎ ይመልስልሃል» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ፓስተር፣ እኔን የቸገረኝ ነገ ጠዋት እንዴት ከአልጋዬ እንደምነሳ ነው» አለኝ። አፈርኩ። የዛሬው ቃሌ ከዚያ ቀን የመጣ ነው።

በእርጥብ ድንጋይና በዛፍ ግንድ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ የምትነጠፍ፣ የሳይንስ ሰዎች ሞስ የሚሏት ትንሽ ተክል አለች። እውነተኛ ሥር የላትም፤ አበባም የላትም። ደርቃ ሳለ እሳት ካገኛት ትቃጠላለች።

በሰሜን አሜሪካ ደን ተቃጥሎ እሳቱ ሲያልፍ ግን ምን ይሆናል መሰላችሁ? ፉናሪያና ሴራቶዶን የሚባሉት የሞስ ዓይነቶች ባዶው አመድ ላይ ቀድመው ከሚበቅሉት መካከል ናቸው። እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኛቸውን ነፋስ ያመጣዋል፤ በአመዱ የቀረው ማዕድን ይመግባቸዋል። እርቃኑን የቀረውን አፈር ጎርፍ እንዳይወስደው ይይዙታል። ዛፍ አይሆኑም። አፈር ይይዛሉ፣ በቃ! ሌላው ተክል ሲመጣ ደግሞ ቀስ በቀስ ቦታ ይለቁለታል።

በቀዝቃዛው የሰሜን ደን ከዛፎቹ ሥር የነበረው ወፍራም የሞስ ምንጣፍስ? እሱ ቶሎ አይመለስም። ጥላና እርጥበት እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል።

ወገኖቼ፣ ሁለቱንም የፈጠረ አንድ ጌታ ነው። ፈጥኖ የሚመለስ አለ፤ ዘግይቶ የሚመለስ አለ። እኛ ግን ትናንት የተቃጠለውን ሰው ዛሬውኑ ዝግባ ሁን እንለዋለን! ተዉ። እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሱለት። አብራችሁት ተቀመጡ። የቀረችው አፈር እንዳትታጠብ ያዙለት። ሲጠነክር ደግሞ ገለል በሉለት፤ ባለውለታ ነኝ አትበሉ።

አንተ የተቃጠልክ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ረጅም ጸሎት ካቃታችሁ «ጌታ ሆይ» በሉ። እሷም ትሰማለች።

ያ ወንድማችን ዛሬ ጉልት ዘርግቶ ይነግዳል። ሱቁ ገና አልተመለሰም። እሱ ግን በየማለዳው ይነሳል። ክብር ለጌታ ይሁን!

አባት ሆይ፣ ያለንበትን አመድ ታያለህ። ትንሿን አረንጓዴ ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።