ርካሹ ቤት በማን ጉልበት ይከፈላል?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በብድር ኮሚቴ አባል የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ የላስታ ጉዳይ አይመስልም። ስለ ሱሉልታ፣ ስለ ሰበታ፣ ስለ ለገጣፎ ነው የማወራው። በጋሸና፣ በወልድያና በደሴ አድርገን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን የምንደርስባቸው ቦታዎች ናቸው። ነገር ግን የብድር ማመልከቻ የምናነብ ሰዎች ጉዳዩ ቤታችን ድረስ እንደገባ እናውቃለን። ቀድሞ ብድር የሚጠየቀው በግ ለማድለብ፣ ጥጥ ለመግዛት፣ እንጀራ ለመጋገር፣ ለገና እንግዳ የሚከራይ ክፍል ለማደስ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ቱሪስቱን አስቀረ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ገባ። ከዚያም ወዲህ የእንግዳው መንገድ እንደ ድሮው አልሞላም። በአስጎብኚነት፣ በሆቴል ሥራ፣ በእደ ጥበብ ሽያጭ ያድሩ የነበሩ ብዙ ልጆቻችን ጓዛቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። አሁን ማመልከቻው ላይ የምናየው «ለልጄ ቤተሰብ የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያ» የሚል ነው።

ከሥሩም እንዲህ የሚል ይጨመርበታል፦ «ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ርካሽ ቤት ተገኝቷል።» ስለዚህች «ትንሽ ወጣ ብሎ» ስለምትል ቃል ነው ዛሬ የምናገረው።

አገሩን ለማታውቁ ላስረዳ። አዲስ አበባን በዙሪያዋ የከበቧት ከተሞች አሉ። በሰሜን በእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ፣ በምዕራብ ቡራዩ፣ በደቡብ ምዕራብ ዓለም ገናና ሰበታ፣ በምሥራቅ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ በደቡብ ምሥራቅ ገላን ናቸው። ከእነዚህ ራቅ ብለው ደግሞ ሰንዳፋ፣ ሆለታ፣ ዱከምና ቢሾፍቱ ይገኛሉ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ሆነዋል። ሸገር ያለችው በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሱሉልታ ሰው ወደ አዲሱ ገበያ፣ የቡራዩ ወደ አስኮ፣ የሰበታ ወደ አየር ጤና፣ የለገጣፎ ወደ አያትና መገናኛ፣ የገላንና የዱከም ወደ ቃሊቲ ይገባል። እነዚህ ቦታዎች ግን የከተማው ደጃፍ እንጂ ሥራው ያለባቸው አይደሉም። ከዚያ ወደ ፒያሳ፣ ወደ መርካቶ ወይም ወደ ቦሌ ሌላ ታክሲ ይያዛል። ሒሳቡ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ደላላው ሰው ሲያሳምን «አሥራ አምስት ደቂቃ ነው» ይላል፤ እስከ ደጃፉ ማለቱ ነው። እሱንም መንገዱ ባዶ በሆነበት እሁድ ጠዋት ለክቶ ነው።

ባቡሩስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንዱ መስመር አያት፣ ሌላው ቃሊቲ ድረስ ስለደረሰ ከለገጣፎና ከገላን በኩል የሚመጣ ሰው ተስፋ አድርጎ ነበር። ሲጀመር ከነበሩት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ግን በመለዋወጫ እጦት ለዓመታት ቆመው ከረሙ። ርካሽ ነው፤ ሲመጣ። የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶችም እንዲሁ ዋጋቸው መልካም ነው፣ ሰልፉ ግን ረጅም። ሥራ ለመግባት የቸኮለ ሰው በመጨረሻ የሚይዘው ሚኒባስ ነው። የሚኒባሱ ታሪፍ ደግሞ መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ በየጊዜው እየጨመረ ነው።

እስቲ አንድ ላይ እናስላ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፤ እናንተ የልጃችሁን ትክክለኛ ቁጥር አስገቡበት። ሁለት ሥራ ያላቸው ባልና ሚስት ናቸው እንበል። በከተማው ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ወጣ ብሎ ካለው በወር 3,500 ብር ይበልጣል እንበል። ብዙ ነው፤ ዓይን ይስባል። አንድ ሰው ለመሄድ ሁለት ታክሲ ይይዛል፣ አንዱ 25 ብር፣ አንዱ 20 ብር። ደርሶ መልስ 90 ብር ነው። በወር 26 ቀን ቢሠራ 2,340 ብር ይሆናል። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ሲሄዱ 4,680 ብር። ስለዚህ ርካሹ ቤት በየወሩ 1,180 ብር ያከስራቸዋል።

አሁን አንዱን ቀንሱ። ባል ብቻ ቢሠራና ሚስት ቤት ብትቀር የታክሲው ወጪ 2,340 ብር ብቻ ነው፤ ከ3,500ው ላይ 1,160 ብር ይተርፋል። ቤቱ በእርግጥም ርካሽ ሆነ! አያችሁ? የራቀው ቤት ርካሽ የሚሆነው አንድ ሰው ሥራውን ሲተው ነው። ያ ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም። የእርሷ ደመወዝ መቅረቱን በሒሳቡ ውስጥ የሚጽፈው የለም። 4,000 ብር ብቻ እንኳ ታገኝ ከነበረ፣ ያ ቤተሰብ 1,160 ብር ለማትረፍ ብሎ 4,000 ብር ጥሏል ማለት ነው።

እኔ ራሴ ሱሉልታ ተከራይቼ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። ብርዱን ለላስታ ሰው አታውሩት፤ አይደንቀንም። ሥራዬ ፒያሳ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ። ልጄ ተኝቶ እንደተውኩት ተኝቶ አገኘዋለሁ። በጨለማ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ያለውን መንገድ ለብቻዬ መሄድ ስለምፈራ ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ተጠባብቀን ነበር የምንገባው። አንዷ ከዘገየች ሦስታችን ቆመን እንጠብቃለን። ይህ ጊዜ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?

ውሃውም አለ። ሱሉልታ የታሸገ ውሃ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሚበዙባት ከተማ ናት። በእኛ ግቢ ግን ቧንቧው የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነበር። የነቃች ሴት ትቀዳለች፤ ያልነቃች በጀሪካን ትገዛለች። አከራያችን ሮቶ ነበረው፣ ቁልፉ ግን በእጁ ነው። ለገዳዲም ስትሄዱ እንዲሁ ልብ በሉ። የለገዳዲ ግድብ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ዋነኞቹ አንዱ ነው፤ ግድቡ ከደጅ መኖሩ ግን በየግቢው ቧንቧ ይፈስሳል ማለት አይደለም። ቤት ስታዩ ግድግዳውን ከማየታችሁ በፊት የጎረቤት ሴት ጠይቁ። ወንድ አትጠይቁ፤ ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አያውቅም።

አሁን ወደ አስተዳደሩ ልመለስ። ድንበሩ በዓይን አይታይም፣ መንገዱ አንድ ነው፣ ግን ብዙ ነገር ይቀይራል። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ ደብተርና ዩኒፎርም ትሰጣለች፣ ልጆቹን ትመግባለች። ይህ ሦስት ልጅ ላላት እናት ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ድንበሩን ስትሻገሩ ያው ይቀጥላል ብላችሁ ሳትጠይቁ አትገምቱ። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ልጁ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማር፣ የአማርኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት የት እንደሆነም ቤት ከመያዙ በፊት መጠየቅ ነው። ልጆች ቋንቋ ቶሎ ይለምዳሉ፣ የሁለት ቋንቋ ባለቤት መሆንም ሀብት ነው፤ አምስተኛ ክፍል የደረሰን ልጅ በመሀል መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው። የመታወቂያውም ነገር እንዲሁ። የአዲስ አበባ ነዋሪነት መታወቂያ የሌለው ሰው የከተማዋን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ተስፋ ማድረግ አይችልም። ዕጣው የደረሳቸውም ቢሆኑ ቤቱ ከሥራቸው ስለሚርቅባቸው እያከራዩት እነርሱ መሀል ከተማ በኪራይ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። ይህ ራሱ ምስክር ነው፤ የራስ ቤት ኖሮ እንኳ ርቀቱ ያሸንፋል።

ከኪራይ አልፎ «ቦታ ግዛና ሥራ» የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። የጨረቃ ቤት የሚባለውን ታውቃላችሁ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ለገዳዲ ውስጥ ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈርሰው ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ቀርተዋል። ከእነርሱ ውስጥ ገንዘብ ከፍለው፣ ውል ጽፈው፣ መብራት አስገብተው ለዓመታት የኖሩ ነበሩ። ፍርዱን ለሌላ እንተወው። እኛን የሚመለከተው ይህ ማኅበር ካርታ በሌለው ቦታ ላይ አንድ ብር ማበደር እንደሌለበት ነው።

ለሚከራዩት አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ለምትከራይ ልጃችሁ ይህን ንገሯት። ስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሕግ እየጣሰ ነው። ማኅበራችንም ያንን ስድስት ወር እያበደረ አጥፊውን ሊያግዝ አይገባም።

እዚህ ላሊበላም እኮ ይህን አይተናል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተነሥተው ኩራኩር የሰፈሩትን ቤተሰቦች ሁላችንም እናውቃለን። ጧፍ ለምትሸጥ፣ ለተሳላሚ ቡና ለምታፈላ ሴት ደጇ ገበያዋ ነበር። ሰፈሩ ሲለወጥ መንገዱ ተጨመረባት፤ የገቢው መቀነስ ግን ከቤቱ ጋር አብሮ አልተቆጠረላትም። ስለዚህ የሱሉልታው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ያው የኩራኩር ጥያቄ ነው፣ ታክሲ ተጨምሮበት።

ታዲያ አትሂዱ ነው የምትይው? አይደለም። ሥራቸው እዚያው ዙሪያ ከተማው ውስጥ ለሆነ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ዱከም የኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ፋብሪካዎች አሉባት፤ ሰበታም የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በሆለታና በቢሾፍቱ ዙሪያ የአበባ እርሻ አለ። እዚያ የምትሠራ ልጅ ዱከም ብትኖር በእግሯ ትገባለች፣ ቤቱም በእውነት ርካሽ ይሆንላታል። ደመወዙ ትንሽ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን በሌላ ቀን እናንሣው። ደብረ ብርሃንም አለች፣ ከአዲስ አበባ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ለመመላለሻ አትሆንም፣ ለመኖሪያና ለመሥሪያ ግን ትሆናለች። ከእኛ የሚሄደው መንገድም በእርሷ ውስጥ ያልፋል። ልጆቻችን በአውቶቡስ መስኮት አይተዋት የሚያልፉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን እንድታጸድቁለት ይጠይቃል። ከእንግዲህ ለኪራይ የሚበደር ቤተሰብ ማመልከቻ ላይ የሚስቲቱ የሥራ ቦታ በቅድሚያ ይጻፍ፤ ቤቱ የሚመረጠው ከእርሷ ሥራና ከልጆቹ ትምህርት ቤት ተነሥቶ እንዲሆን ነው። ባልየው ይራቅ፤ እሱ ማታ 2 ሰዓት ቢገባ ልጅ ሳይጠባ አያድርም። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከዚያ ቤት ተነሥቶ እስከ ሥራው ይሂድ፣ የከፈለውንና የፈጀበትን ጊዜ ጽፎ ያምጣ። ብድሩም ከሁለት ወር ኪራይ አይለፍ። ደግሞም ቢቻል ሦስት አራት ቤተሰቦቻችን አንድ ሰፈር ይከራዩ። ዕድርና ዕቁብ አብረው ይጥላሉ፣ ልጅ በየተራ ይጠባበቃሉ፣ ማታም ከአስፋልት አብረው ይገባሉ።

ለምትደግፉን ወዳጆቻችን አንድ ልመና አለኝ። ለኪራይ የምትሰጡትን ከማሳደግ ይልቅ፣ እነዚህ ልጆች በሚሰበሰቡበት ሰፈር ለአንዲት ሞግዚት የወር ደመወዝ ብትችሉልን ብዙ ሴት ሥራዋን ሳትለቅ ትቆያለች። አንድ ክፍልና አንዲት ደግ ሴት ይበቃል።

በኮሚቴው እጅ ያሉት ማመልከቻዎች ከዚህ ውሳኔ በፊት የገቡ ስለሆኑ አመልካቾቹ የሥራ ቦታውንና የመንገዱን ሒሳብ ጨምረው እስከ ቀጣዩ ወር ስብሰባ እንዲያመጡ እንጠይቃለን። መጻፍ ለማይችሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ቢሮ ቁጭ ብዬ እጽፍላቸዋለሁ፤ የልጃቸውን ስልክ ቁጥር ይዘው ይምጡ፣ እዚያው ደውለን እንጠይቃታለን።