ቦዩና ቀንድ አውጣው



ስለ በሽታ የሚናገር መሐንዲስ ከሙያው ድንበር የወጣ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ቢልሃርዚያ እኛው በሠራነው ውሃ ውስጥ የሚራባ ደዌ ስለ ሆነ ጉዳዩን ለሐኪም ብቻ ትቶ ማለፍ አይቻልም።

በአንጀት ደም ሥሮች የሚኖረው ትል ዕንቁላሉን ይጥላል። ዕንቁላሉም ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነፍስ በሰዓታት ውስጥ ተስማሚ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በውስጡ ተራብቶ፣ ከሳምንታት በኋላ እልፍ እጭ ሆኖ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ እጮቹም ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስተው ይዘልቃሉ።

ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ለእኛ ሙያ ቅርቡ ቀንድ አውጣው ነው። ዝግ ያለ ውሃ፣ አረምና ደለል ይስማማዋል፤ ውሃው በሰከንድ ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ ሲፈጥን ግን መደላደል ያቅተዋል። እንግዲህ ተዳፋቱ ያነሰና አረሙ ያልተነቀለ ቦይ፣ እንዲሁም የሌሊት ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ፣ በውሉ ያልተጻፈ የቀንድ አውጣ እርባታ ነው። በወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ መስኖው ሲስፋፋና ሠራተኛው ከየአገሩ ሲጎርፍ በሽታውም አብሮ ተስፋፍቷል።

ነገሩ በቢልሃርዚያ አያበቃም። በትግራይ በትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ይያዙ እንደ ነበር በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ግድብ አይሠራ ማለቴ አይደለም፤ የተራበ አገር ውሃውን መያዝ አለበት።

ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ ዳግመኛ ከመያዝ ግን አያድንም። ልጁ መድኃኒቱን ውጦ በማግሥቱ እዚያው ቦይ ይዋኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አስተዋሉ፤ ታላቅ ግኝት ነው። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሴቶቹ ወንዝ የሚወርዱበት ምክንያት ነው፤ ሌላ ውሃ የላቸውም።

የልብስ ማጠቢያ፣ መጸዳጃና በቦዩ ላይ መሻገሪያ ድልድይ በንድፍ ሲገቡ፣ «ይህ የመስኖ በጀት አይደለም» ተብለው ሲሠረዙ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዋናው ግንባታ ጋር ሲነጻጸር ወጪያቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ የመስኖ ንድፍ የሚመረምር ባልደረባ ሁሉ ከፍሰቱ ስሌት ጎን የመንደሩን ውሃ መቅጃ የሚያሳይ ሥዕል እንዲጠይቅ፣ ሥዕሉም ከሌለ ሰነዱን ሳይፈርም እንዲመልስ ሐሳብ አቀርባለሁ።