አሥራ ሰባት ቀን፦ ተረኝነት፣ ቤተሰብና ዕረፍት በመተማ ቆላ



አንድ ወጣት ሐኪም ሥራውን፣ ቤተሰቡንና ዕረፍቱን እንዴት ሊያስማማ እንደሚችል እንድናገር ተጠይቄአለሁ። መልሱን የተማርሁት በመተማ ቆላ፣ ከካላዛር ታማሚዎች አልጋ አጠገብ ስለሆነ ነገሬን ከዚያው እጀምራለሁ።

በክረምት ለአረም፣ ክረምቱ ሲወጣም ለሰሊጥ አጨዳ፣ በርካታ የቀን ሠራተኞች ከደጋው ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ ይወርዳሉ። ብዙዎቹ የሚያድሩት በእርሻው ዳር፣ በሜዳ ላይ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ አካባቢ ትኖራለች። የተያዘው ሰው ትኩሳቱ ይሰነብትበታል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውነቱ ይከሳል። ካልታከመ መጨረሻው በአብዛኛው ሞት ነው።

የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትንና ፓሮሞማይሲንን አጣምሮ ለ17 ቀናት፣ በየዕለቱ፣ በመርፌ መስጠት ነው። መጠኑ የሚሰላው በታማሚው ክብደት ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም።

ሥራ በጀመርሁበት ዓመት «የእኔ ታማሚ» ያልሁትን ሰው ለማንም አልተውም ነበር። ተራዬ ካበቃ በኋላም ከክፍሉ አልወጣም። ባለቤቴ ከጎንደር ስትደውል «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» እላታለሁ። ልጃችን በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ አልተገኘሁም፤ በጭልጋ በኩል ጎንደር ለመድረስ ግን አንድ ቀን ይበቃኝ ነበር። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ እንደ መሥዋዕትነት እቆጥረው ነበር።

አንድ ንጋት፣ ሁለት ሌሊት በቅጡ ሳልተኛ፣ የአንዱን ታማሚ ክብደት ከጎረቤቱ ክብደት ጋር አምታትቼ መጠኑን ጻፍሁ። አንዲት አንጋፋ ሲስተር መርፌውን ከማዘጋጀታቸው በፊት ካርዱን ደግመው አዩና፣ «ዶክተር፣ ይህ ልጅ እኮ 41 ኪሎ ነው» አሉኝ። በድምፃቸው ወቀሳ አልነበረም። ልጁ 17 ቀኑን ጨርሶ በእግሩ ወጣ። ከስሕተቴ ያዳነው ያረፈ ዓይን ነበር፤ ያም ዓይን የእኔ አልነበረም።

አሥራ ሰባቱን ቀን አንድ ሰው ብቻውን ሊሸፍነው አይችልም። ይህ አሳብ ለጎንደር አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጠነው በቡድን እንዲሠሩ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተራዬ ሲያበቃ የየታማሚውን ሁኔታ በጽሑፍ አስረክቤ እወጣለሁ። የተረኞቹን ዝርዝርም አጨዳው ከመድረሱ በፊት እናወጣለን። ሙቀቱ በረድ ሲል ከባልደረቦቼ ጋር ቡና እጠጣለሁ፤ ልጄም በስልክ ስለ ውሎዋ ታጫውተኛለች።

ይህ ሁሉን ይፈታል አልልም። ሐኪሞቹ ሁለት ብቻ በሆኑበት ቦታ የተራ ዝርዝር ሰው አይፈጥርም፤ የሰው ኃይል መመደብ የአስተዳደር ኃላፊነት ነው። ለእናንተ ለተማሪዎች ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ታማሚን በሚገባ ማስረከብን እንደ መርፌ አሰጣጥ ተማሩት። በሚገባ ያስረከበ ሐኪም ቤቱ ሲገባ አሳቡ ሆስፒታል አይቀርም፤ በማግሥቱም ካርዱን በትክክል ያነብባል።